«ልጄ ገና 11 ዓመቷ ነው፤ ይህ ክትባት ለምን ግዴታ ሆነባት?»

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 6ኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት 7ኛ ክፍል ሳትገባ የኤችፒቪ ክትባት መከተብ አለባት ይላል። ጓደኛዬ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሚተላለፍ ቫይረስ ነው አለችኝ። ልጄ ገና 11 ዓመቷ ነው፤ በእምነት ነው ያሳደግናት። ክፍል ውስጥ ለማይተላለፍ በሽታ መንግሥት እንዴት ያስገድደኛል? መካን ያደርጋል የሚሉም አሉ። እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። ውስጡ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ «ልጄ ትከተብ ወይስ አትከተብ?» የሚል ነው። ሌላው «መንግሥት ሊያስገድደኝ ይገባል ወይ?» የሚል ነው። ክርክሩ ሲጦፍ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ሰው በሁለተኛው ይናደድና በመጀመሪያው ላይ ይፈርዳል። ንዴቱ በመንግሥት ላይ፣ ጦሱ ልጅቷ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ለየብቻ ልመልስልዎት። እኔ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ሠርቻለሁ፤ አሁን የምኖረው ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ ሜሪላንድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ይረጋጉ። በዚህ ክትባት ምክንያት ማንም ልጅዎን ከትምህርት ቤት አያስቀራትም። ቨርጂኒያ ክትባቱን ለተማሪዎች ከሚጠየቁት ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። መጀመሪያ ለሴቶች ብቻ ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ወንዶችንም ይጨምራል። ግን ሕጉ ራሱ በር ትቷል። ቫይረሱ ትምህርት ቤት ውስጥ የማይተላለፍ ስለሆነ፣ ወላጅ በራሱ ውሳኔ ልጄን አላስከትብም ማለት ይችላል ይላል። የሚጠበቅብዎት ቫይረሱ ከማህፀን በር ካንሰር ጋር ስላለው ግንኙነት የተዘጋጀውን ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ነው። የቄስ ደብዳቤ አይጠየቁም። የሐኪም ወረቀትም አይጠየቁም። እርስዎ ያነሱት መከራከሪያ ሕጉ ውስጥ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

ዋሽንግተን ዲሲም ተመሳሳይ ነው፤ የማይፈልግ ወላጅ የእምቢታ ፎርም ይሞላል። ሮድ አይላንድ ከ2015 ጀምሮ ጠበቅ ያለ ደንብ አላት፤ እዚያ ለመቅረት የጤና ወይም የሃይማኖት ምክንያት ያስፈልጋል። እኔ የምኖርባት ሜሪላንድ ደግሞ ጭራሽ አትጠይቅም። በመካከላችን ያለውን የፖቶማክ ወንዝ ሲሻገሩ ሕጉ ይቀየራል። የቫይረሱ ጠባይ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።

«ግዴታ» የሚለው ቃል እንዲህ የሚያስቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ጁን 2006 ነው። ስምንት ወር ሳይሞላው፣ ፌብሩዋሪ 2007 ላይ፣ የቴክሳሱ አገረ ገዥ ሪክ ፔሪ 6ኛ ክፍል የሚገቡ ሴት ልጆች እንዲከተቡ ትእዛዝ አወጡ። የሕግ አውጪውን ምክር ቤት አላማከሩም። ወዲያው የአምራቹ ኩባንያ የመርክ ሎቢስት (ባለሥልጣናትን የሚያግባባለት ሰው) የገዥው የቀድሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ መሆኑ ተነገረ። ኩባንያው ለምርጫ ዘመቻቸው ገንዘብ መስጠቱም ወጣ። በዚያን ጊዜ ክትባቱ ሦስት መርፌ ነበር፤ ድምር ዋጋው ወደ 360 ዶላር ይጠጋል። ሰው ምን ይበል? ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ትእዛዙን ሻረው። መርክም ክትባቱ በየስቴቱ ግዴታ እንዲሆን ማግባባቱን አቁሜያለሁ አለ። ፔሪ ራሳቸው በ2011 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ አካሄዴ ስህተት ነበር ብለዋል።

ይህ ታሪክ ዛሬም ያናድደኛል። ጥሩ ክትባት በመጥፎ አመጣጥ ስሙ ጎደፈ። ስለ ካንሰር መወራት ሲገባው ስለ ፖለቲካና ስለ ገንዘብ ተወራ። እርስዎ ዛሬ ያንን ወረቀት ይዘው የሚጨነቁት በከፊል ያኔ በተጀመረው ጠብ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤችፒቪ ማለት ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። እጅ ላይ የሚወጣው ተራ ኪንታሮት እንኳ የዚሁ ቤተሰብ ሥራ ነው። ክፉዎቹ 16ኛውና 18ኛው ናቸው። ከ10 የማህፀን በር ካንሰር 7ቱን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱን በ1983 እና በ1984 ነጥሎ ያወጣው የጀርመናዊው የሃራልድ ሱር ሃውዘን ቡድን ነው፤ ለዚህም ሰውዬው በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ይህ ቫይረስ ድምፅ የለውም። አያቃጥልም፣ አያሳክክም። ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ከ10 ሰው 9ኙ በሁለት ዓመት ገደማ ሳያውቀው ይገላገለዋል። በቀሪዎቹ ላይ ግን ተደብቆ ይቆያል። ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤችአይቪ በደሟ ያለባትና ሕክምና ያላገኘች ሴት ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመትም ይበቃዋል።

«በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ» ሲባል የእኛ ጆሮ ወዲያው «የአባላዘር በሽታ» ብሎ ይሰማዋል፤ ከኋላው ደግሞ «ባለጌ» የሚለው ይከተላል። ግን እስቲ እንዲህ ያስቡት። ልጅዎ እንዳሳደጓት አደገች። በቁርባን አገባች። ከባሏ ሌላ ሰው አታውቅም። ባልየውስ? ደግና ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል። ከአሥር ዓመት በፊት የያዘውን ቫይረስ ግን እሱም አያውቀውም። ከጋብቻ በፊት ለኤችአይቪ እንደሚደረገው ያለ፣ ለወንድ የሚሰጥ የኤችፒቪ ምርመራም በተለመደው ሕክምና ውስጥ የለም። የእርስዎ አስተዳደግ ልጅዎን እስከ ሠርጓ ቀን ይጠብቃታል። የሙሽራውን ያለፈ ታሪክ ግን ሊጠብቅልዎት አይችልም።

አንዲት ሴት ከአእምሮዬ አትጠፋም። አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። ከገጠር ሁለት ቀን ተጉዛ፣ ሴት ልጇ ደግፋት መጣች። ወንበር አጠገቤ ነበር። እሷ ግን ራቅ ብላ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ተነሣችና መስኮቱን ራሷ ከፈተችው። ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ጫን አድርጋ ይዛለች። ሽታው እንዳይረብሸኝ ብላ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ሥር ሲሰድ ፈሳሹ ይሸታል። ልጇ እንደነገረችኝ ጎረቤት ቡና መጥራት ካቆመ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። በልጅነቷ የተዳረች፣ በዕድሜዋ አንድ ወንድ ብቻ የምታውቅ ሴት ናት። «ዶክተር፣ ምን በድዬ ነው?» አለችኝ። ምንም አልበደለችም። ዕጢው የሽንት መተላለፊያዋን ዘግቶ ኩላሊቷን ይዞት ነበር። ለማዳን ዘግይተናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ይህ ነው። ለ2020 የተሠራው ግምት በዓመት ከ7 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚና ከ5 ሺህ በላይ ሟች ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይመልከቱ። አብዛኞቹ ሐኪም ፊት የሚደርሱት እንደዚያች እናት ከረፈደ በኋላ ነው።

ታዲያ ለምን በ11 ዓመት? ክትባቱ ይከላከላል፣ አያድንም። ቫይረሱ አንዴ ከገባ አያስወጣውም። ስለዚህ ቀድሞ መሰጠት አለበት። ደግሞም ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ከአዋቂ ይበልጣል። ቁጥሩ ስለ ልጅዎ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም። ጣሪያ የሚጠገነው በበጋ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር አይደለም።

«ከተከተበች ፈቃድ የሰጠኋት አይመስላትም ወይ?» ብለው አልጻፉም፤ ግን ከጥያቄዎ ሥር ይሰማኛል። ይህ ተጠንቷል። አትላንታ አካባቢ 1,398 ልጃገረዶችን እስከ ሦስት ዓመት ተከታትለዋል። በ11 እና በ12 ዓመታቸው ይህን ክትባት የወሰዱትንና ያልወሰዱትን አነጻጸሩ። በእርግዝና፣ በአባላዘር በሽታና በወሊድ መከላከያ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ በመሄድ ረገድ ልዩነት አልታየም። እኔም በሥራዬ ያየሁት ይኸው ነው። ልጆቹ የሚያስታውሱት ክንዳቸውን እንዳመማቸው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስዎት። ልጅዎ በጨቅላነቷ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሳትወስድ አትቀርም። ሄፓታይተስ ቢም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። አሜሪካ በ1991 ለሕፃናት ሁሉ እንዲሰጥ መከረች። ኢትዮጵያም ከ2007 ወዲህ በአምስት በሽታዎች ጥምር ክትባት ውስጥ አስገብታ ትሰጣለች። አገር ቤት የታቀፈ ልጅ ይዘው ጤና ጣቢያ የሚሰለፉ እናቶች «ልጄን ለብልግና ልታዘጋጁ ነው ወይ?» ብለው አያውቁም። ለጉበት ተብሎ ስለሚሰጥ ነው። ይሄኛውን ደግሞ ለማህፀን በር ነው ብለው ያስቡት።

ክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። የሞተ ቫይረስም የለም። ያለው ከቫይረሱ ውጫዊ ልባስ የተመሰለ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ፍሬው የሌለበት ገለባ ይበሉት። አሜሪካ የሚሰጠው ዓይነት ይህን ቅርፊት የሚያሠራው በእርሾ ነው፤ ለዳቦ ከምንጠቀምበት እርሾ ጋር አንድ ወገን ነው። ሰውነት ቅርፊቱን ያይና መልኩን ይይዛል። እውነተኛው ሲመጣ ያውቀዋል።

ይሠራል ወይ? እንግሊዝ አገር በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱ የተሰጣቸው ልጆች አድገው ሲታዩ የማህፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ ቀንሷል። ስዊድን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን መዝገብ አገላብጣ፣ ከ17 ዓመት በፊት የተከተቡት ላይ 88 በመቶ መቀነሱን በ2020 አሳተመች። ስኮትላንድ በ2024 ያወጣችው ደግሞ እንባዬን አምጥቶታል። በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሙሉ ክትባት ከወሰዱት መካከል አንዲትም የማህፀን በር ካንሰር ታማሚ አልተገኘችም። አንዲትም። መስኮት የከፈተችልኝን ሴት ያስቧት።

ስለ ጉዳቱ የተደበቀ ነገር የለም፤ ልንገርዎት። ክንድ ያማል፤ ያብጣል። አንዳንዱ ልጅ ቀለል ያለ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ይይዘዋል። ድንገተኛ ከባድ አለርጂ አለ፤ ግን በሚሊዮን መርፌ ሁለት እንኳ አይሞላም። የሚያስደነግጠው ራስ መሳት ነው። አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ስንከትብ አይቼዋለሁ። ቁርስ ያልበላች አንዲት ልጅ ከወንበሩ ስትነሣ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ተሰልፈው ያዩ አራት ልጆች ተከትለዋት ወደቁ፤ ሁለቱ ገና መርፌ አልነካቸውም። እግራቸውን ከፍ አድርገን አስተኛናቸው፤ ውኃ ጠጡ፣ ብስኩት በሉ፣ ወደ ክፍል ገቡ። ኮሎምቢያ ውስጥ ኤል ካርመን ደ ቦሊቫር በምትባል ከተማ በ2014 ይህ በመቶዎች በሚቆጠሩ ልጃገረዶች ላይ ሆነ። ቪዲዮው አገር አዳረሰ። ምርመራው ክትባቱን ነጻ አወጣው፤ ልጆቹን የጣላቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የተጋባ ድንጋጤ ነው ተባለ። ሕመማቸው የውሸት አልነበረም። ግን የተከታቢው ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ከነበረበት አሽቆለቆለ። ጃፓንም በ2013 ስለ ጉዳት በተነሣ ወሬ የተነሳ ክትባቱን ለወላጆች መምከር አቆመች። 70 በመቶ ገደማ የነበረው ከ1 በመቶ በታች ወረደ። መምከሩን የመለሰችው በ2022 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሳይከተቡ ያለፉት ልጆች ዛሬ ወጣት ሴቶች ሆነዋል።

«መካን ያደርጋል» የሚለው አገር ቤትም ሲወራ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴ እስከ 2017 ድረስ ከ270 ሚሊዮን በላይ ዶዝ መሰራጨቱን ጠቅሶ መረጃውን መርምሯል። ለመካንነት ምክንያት የሚሆን ነገር አላገኘም። መውለድ የሚከለክለው ካንሰሩ ነው። በሽታው ከተገኘ ብዙ ጊዜ ማህፀኑ ይወጣል ወይም ጨረር ይሰጣል። ገና ልጅ ያልወለደች የ29 ዓመት ሴት ፊት ቁጭ ብዬ ይህን መናገር ነበረብኝ። የአያትነት ሕልምዎን ይህ መርፌ አይነካውም።

አሁን ወደ ግዴታው ልመለስ። እኔ ክትባቱን በሙሉ ልቤ የምደግፍ ሰው ነኝ። ማስገደዱን ግን እንደ ኩፍኝ ክትባት አላየውም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ እንኳ ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ምርጫ የለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 የፈንጣጣ ክትባት እምቢ ያለውን ሰው 5 ዶላር መቀጫ ያጸናበት ምክንያትም ይኸው ነበር፤ የአንዱ ነጻነት የጎረቤቱን ጤና እስኪጎዳ ድረስ አይሄድም አለ። ኤችፒቪ በእስክሪብቶና በምሳ ዕቃ አይተላለፍም። ስለዚህ «ትምህርት ቤት ለመግባት» የሚለው ማሰሪያ እዚህ ላይ ይላላል። ይህን የሚሉ ወላጆችን አላዋቂ ብሎ መስደብ ነውር ነው።

በሌላ በኩል የእርስዎ ልጅ መከተብ እሷን ብቻ ይጠቅማል ማለትም ልክ አይደለም። አውስትራሊያ በ2007 ሴቶችን ብቻ መከተብ ስትጀምር ያልተከተቡት ወጣት ወንዶች ላይ እንኳ የብልት ኪንታሮት ቀነሰ። ቫይረሱ መሸጋገሪያ ድልድይ አጣ ማለት ነው።

ዝርዝር ውስጥ መግባቱም የራሱ ጥቅም አለው። ሐኪሙ እንዲያነሣው፣ ወረቀቱም እያንዳንዱ ቤት እንዲደርስ ያደርጋል። ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት ዘንድ ሌላ ምን ይደርሳል? በሩ ሰፊ የሆነው የቨርጂኒያ ሕግ ግን የተከታቢውን ቁጥር ብዙም አላነሣውም። ሮድ አይላንድ ከፍተኛ ከሆኑት ስቴቶች አንዷ ናት፤ እዚያ ግን ክትባቱ ለልጆች በነጻ ይቀርባል፤ ትምህርት ቤት ድረስም ይመጣል። እንግሊዝና አውስትራሊያ ማንንም ሳያስገድዱ፣ የወላጅ ፊርማ እየጠየቁ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እየሰጡ አብዛኞቹን ልጆች ደርሰዋል። ሩዋንዳ በ2011 ከአፍሪካ ቀድማ በአገር ደረጃ ስትጀምር ከትምህርት ቤት የቀሩትን ሴት ልጆች ሳይቀር በየሰፈሩ ፈልጋ ከ90 በመቶ በላይ አዳርሳለች። ኢትዮጵያም በ2018 መጨረሻ 14 ዓመት ከሞላቸው ሴት ልጆች ጀምራለች። እኔ የማምነው በዚህ ነው። መርፌውን ደጅ ድረስ ማምጣት፣ በነጻ መስጠት፣ ወላጅን አክብሮ መጠየቅ።

ወላጅን መዝለል ደግሞ አይሠራም። ዲሲ በ2020 የ11 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መከተብ ትችላለች የሚል ሕግ አወጣች፤ በ2022 የፌዴራል ዳኛ አገደው። በግሌ በመታገዱ አላዘንኩም። እናት ሳትሰማ የተሰጠ መርፌ የሚቀጥለውን አሥር ክትባት ያሳጣል።

እንግዲህ ሕጉ ለእርስዎ ትቶታል፤ እኔን ከጠየቁኝ ያስከትቧት። ወንድ ልጅ ካለዎት እሱንም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቫይረስ በወንዶች ላይ የሚያመጣው የጉሮሮ ካንሰር ከማህፀን በር ካንሰር በቁጥር በልጧል። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ከሆናችሁ ለልጆች ክትባቱ በፌዴራል ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፤ ክሊኒኩ ስትደውሉ ይህን ጠይቁ። ስንት ጊዜ እንደምትወጋ የልጆች ሐኪሟ ይንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ወዲህ ጤነኛ ለሆነች ልጅ አንድም ሁለትም ዶዝ ይበቃል ብሏል። ኬንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አንድ ዶዝ ብቻውን ጠንካራ መከላከያ እንደሚሰጥ አሳይቷል። የመከላከል አቅሟ የተዳከመ ልጅ ግን ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ለእርሾ ከባድ አለርጂ ካላት አስቀድመው ይናገሩ።

የዚያን ቀን ቁርስ አብሏት፤ ጾም ቢሆን እንኳ ሽሮም ሆነ ገንፎ ሆዷ ውስጥ ይግባ። ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቆይ። ለምንድን ነው ካለችዎት «ስታድጊ ካንሰር እንዳይዝሽ» ይበሏት። ለ11 ዓመት ልጅ ይበቃል፤ ውሸትም የለበትም። ሌላውን ስትጠይቅ ይደርሳል፤ ያኔ ከእርስዎ አፍ ትስማው።

ቀጠሮውን ሲይዙ ደግሞ ለራስዎም ይያዙ። በእርስዎ ዕድሜ አገር ቤት ላደግን ሴቶች ይህ ክትባት አልነበረም፤ ያለን መከላከያ ምርመራ ነው። ፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ወይም የኤችፒቪ ምርመራ ያደረጉት መቼ ነው? ካላስታወሱ ወይም አድርገው የማያውቁ ከሆነ፣ ለልጅዎ የደወሉበት ቀን ሳያልፍ ይደውሉ። ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ወንድ ሐኪም የሚከብድዎት ከሆነ ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ ይበሉ፤ ይሰጥዎታል።